ያረጀ ሞተርሆም ውስጡን በራስ እጅ ማደስ፦ ሥራው ከጣሪያው ይጀምራል

ብዙ ሰው አሮጌ ሞተርሆም፣ ያን ላዩ ላይ መኖሪያ ቤት የተሠራበትን መኪና፣ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያስበው ቀለሙን ነው። ቡናማውን ካቢኔት ነጭ እቀባዋለሁ፣ ምንጣፉን አነሳለሁ፣ መጋረጃውን እቀይራለሁ ይላል። እኛም እንደዚያው ነበርን። ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከአንድ ጡረተኛ ላይ የ1996 ሞተርሆም ገዛን። ፎርድ ኢ-350 ላይ የተሠራ፣ 27 ጫማ የሚረዝም፣ ከሾፌሩ በላይ አልጋ ያለው ነው። ቅዳሜ ገዝተን እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ የቀለም ናሙና እናማርጥ ነበር።

ሰኞ ሌሊት ዘነበ። ማክሰኞ ጠዋት ከሾፌሩ በላይ ያለውን ፍራሽ ገለጥ አደረግኩት። ሥሩ ረጥቧል። የግድግዳውን ጥግ በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ጣቴ ገባ። ላዩ ላይ ያለው አበባ አበባ ወረቀት ምንም አልሆነም፣ ውስጡ ግን አልቋል። ወረቀቱን ስገሸልጠው እንጨቱ በእጄ እንደ ፍትፍት ፈረሰ።

ለዚህ ነው ይህን መመሪያ ከቀለም የማልጀምረው። ከውሃ ነው የምጀምረው። ውሃው የሚገባበትን ሳትዘጉ የምታወጡት ገንዘብ ሁሉ ግድግዳው ውስጥ ይበሰብሳል።

ግድግዳው ከምን እንደተሠራ እወቁ

አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ሞተርሆም የሚሠራው ኢንዲያና ግዛት፣ ኤልክሃርት አካባቢ ነው። የድሮዎቹ አሠራር ይመሳሰላል። ውጩ ስስ አልሙኒየም ወይም ፋይበርግላስ ነው። ከሥሩ አንድ ኢንች ተኩል ገደማ ውፍረት ያለው የእንጨት ማገር አለ። በማገሩ መካከል ፎም ወይም የመስታወት ጥጥ ተጠቅጥቋል። ከውስጥ በኩል ደግሞ 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ስስ ፕላይውድ፣ አገር ቤት ኮምፔርሳቶ የምንለው፣ ወረቀት ተለጥፎበት ይዘጋዋል።

በቃ ይኸው ነው። ከዝናብና ከእናንተ መካከል ያለው ከሁለት ኢንች ብዙም አይበልጥም። አንድ የብሎን ቀዳዳ ከላላ ውሃው በማገሩ ላይ እየሄደ ከገባበት ርቆ ይወጣል። እርጥበቱን ያያችሁበት ቦታ ብዙ ጊዜ ውሃው የገባበት ቦታ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ፍተሻ

ሁለት ሹል ጫፍ ያለው የእርጥበት መለኪያ ግዙ። ከ30 እስከ 40 ዶላር ባለው ጥሩ ይገኛል። እንጨት ላይ ሲወጋ ከ15 በመቶ በታች ካነበበ ደረቅ ነው። ከ20 በላይ ካነበበ ውሃ አለ። ግድግዳውን በየአንድ ጫማው እየለካችሁ ቁጥሩን በወረቀት ፕላስተር ጽፋችሁ እዚያው ለጥፉ። ስትጨርሱ ትንሽ ራቅ ብላችሁ እዩት። ቁጥሮቹ ራሳቸው ውሃው ከየት ወደየት እንደሚሄድ ያሳዩዋችኋል።

ከሾፌሩ በላይ አልጋ ያለው ሞተርሆም ከሆነ ከፊት ለፊቱ መስኮትና ከላይኛዎቹ ትንንሽ መብራቶች ጀምሩ። የዚህ ዓይነቱ መኪና የታወቀ በሽታው እዚያ ነው። ቀጥሎ የጣሪያው መስኮቶችና የኤሲው ቀዳዳ ዙሪያ፣ ከዚያ የመስኮት ታችኛ ጥጎች፣ የሻወሩ ሥርና የሽንት ቤቱ ጀርባ ይፈተሹ።

ቀዳዳውን በዓይን ማግኘት ካቃታችሁ አንድ ዘዴ አለ፣ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ፕሮፔኑን፣ የምድጃውንና የማሞቂያውን ጋዝ፣ ከታንኩ ዝጉ። በሩንና መስኮቱን ሁሉ ዝጉና አንዱን መስኮት ብቻ በካርቶን ሸፍናችሁ በካርቶኑ ቀዳዳ በኩል በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቅጠል መንፊያ አየር ወደ ውስጥ ንፉ። ኃይሉ ዝቅተኛ ይሁን። ከዚያ ውጩን በሳሙና ውሃ እርጩ። አየር የሚያሾልክ ቦታ ሁሉ አረፋ ይሠራል። እኛ በዚህ መንገድ 11 ቦታ አገኘን። ሰባቱን በዓይኔ አይቼ "ደህና ነው" ብዬ አልፌያቸው ነበር።

ማሸግ

ጣሪያ ላይ ስትወጡ እግራችሁን በቀጥታ አታሳርፉ። ሰፋ ያለ የፕላይውድ ቁራጭ አንጥፋችሁ በእሱ ላይ ተንበርከኩ። የበሰበሰ ጣሪያ ከላይ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል።

ሲሊኮን አትጠቀሙ። አደራ። ሲሊኮን አንዴ ከተቀባ በኋላ ሌላ ምንም ነገር አይዝበትም፣ አዲስ ሲሊኮን እንኳ በደንብ አይጣበቅበትም። ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ለሞተርሆም ጣሪያ የተሠራውን፣ ራሱ ፈስሶ የሚተኛውን ማሸጊያ ተጠቀሙ። ጎንና ቁልቁል ላይ የማይፈስሰውን ዓይነት ምረጡ። መስኮትና መብራት ስትነቅሉ ደግሞ ከክፈፉ ሥር የቡቲል ቴፕ፣ ያን እንደ ማስቲካ የሚለጠጠውን፣ አድርጋችሁ መልሳችሁ እሰሩ። ከላይ ብቻ መለቅለቅ ለአንድ ክረምት ነው የሚያገለግለው።

ካሸጋችሁ በኋላ ቶሎ አትዝጉት። ማራገቢያና እርጥበት መጣጭ ማሽን ከፍታችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት አድርቁ። መለኪያው ከ15 በታች እስኪያነብ ጠብቁ።

ማፍረስ

ከመንካታችሁ በፊት ሁሉን ነገር ፎቶ አንሱ። በተለይ ሽቦ ያለበትን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያ ነጭ ሽቦ ከየት እንደመጣ የሚነግራችሁ ፎቶው ብቻ ነው።

መኪናው ለዓመታት ቆሞ ከነበረ አይጥ ገብቶበታል ብላችሁ ተነሱ። የአይጥ ኩስ ካያችሁ በደረቁ አትጥረጉ፣ በቫክዩምም አትሳቡ። በአሜሪካ ምዕራብ በአይጥ ኩስ አቧራ የሚተላለፍ ሀንታ ቫይረስ አለ፣ ሳንባን የሚያጠቃ ገዳይ በሽታ ነው። መጀመሪያ በሩን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት አናፍሱ። ጓንትና ማስክ አድርጉ። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርከፍክፉበት። አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ በወረቀት ጥረጉና በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት።

መኪናው ከ1980ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ከሆነና ወለሉ ላይ የድሮ ላስቲክ ንጣፍ ካለ፣ ሳትፍቁት ቁራጭ ወደ ላቦራቶሪ ልካችሁ አስቤስቶስ እንደሌለው አረጋግጡ።

ምንጣፉ ትዕግሥት ይጠይቃል። በሺህ የሚቆጠር ስቴፕል ነው የያዘው። በምላጭ እየሸነሸናችሁ አንሱት፣ ከዚያ ጉልበታችሁ ላይ ስፖንጅ አስራችሁ ስቴፕሉን አንድ በአንድ በፒንሳ ንቀሉ። አንድም እንዳይቀር። የቀረው ስቴፕል አዲሱን ወለል ከሥር ይበሳዋል።

የምትነቅሉትን የግድግዳ ቁራጭ አትጣሉ። ምንም ያህል ቢበላሽ አዲሱን የምትቆርጡበት ልክ እሱ ነው።

የደህንነት ቀበቶ ያለበትን መቀመጫ ግን አትንኩ። ጨርቁንና ስፖንጁን መቀየር ትችላላችሁ። ብረቱና ከወለሉ ጋር የታሰረበት ብሎን ይቆይ። ያን አንስቶ የእንጨት ሶፋ መሥራት ልጆችን ያለ ቀበቶ መንገድ ላይ ማውጣት ነው።

የበሰበሰውን መተካት

የበሰበሰውን ማገር ጤነኛ እንጨት እስክታገኙ ድረስ ቁረጡ። "ትንሽ ብቻ ነው የለሰለሰው" ብላችሁ አትተዉት። አዲሱን ቁራጭ ከአሮጌው ጤነኛ ማገር ጎን አስጠግታችሁ በሙጫና በብሎን እሰሩት። ምስማር አይሆንም። ይህ ቤት በየመንገዱ የሚንቀጠቀጥ ቤት ነው፣ ምስማር ከጊዜ በኋላ እየተሳበ ይወጣል።

በማገሩ መካከል ጠጣር የፎም ቦርድ ልክክ አድርጋችሁ ክተቱ። ሙጫ ስትገዙ ፎም የማይበላ መሆኑን ጣሳው ላይ አንብቡ፣ አንዳንዱ ሙጫ ፎሙን ያቀልጠዋል። ከዚያ አዲሱን ስስ ፕላይውድ ከላይ ግጠሙ።

የተቀየረውን ከመዝጋታችሁ በፊት ማገሮቹ ያሉበትን ፎቶ አንሱና ከጥግ ያለውን ርቀት ጻፉበት። ነገ መደርደሪያ ስትሰቅሉ ብሎኑ የሚይዘው ማገር ላይ ብቻ ነው። ስሱ ፕላይውድ ብቻውን ሰሃን እንኳ አይሸከምም።

ሽቦ፣ ጋዝ፣ ቧንቧ

ሞተርሆም ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ አለው። መብራቱና የውሃ ፓምፑ በ12 ቮልት ከባትሪ ይሠራሉ። ሶኬቱ፣ ማይክሮዌቩና ኤሲው ደግሞ ከውጭ በሚሰካው ገመድ በ120 ቮልት። ሥራ ስትጀምሩ ሁለቱንም አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ የባትሪውንም ኔጌቲቭ ፍቱ።

በጣም ቀላሉና በጣም የሚያስደስተው ለውጥ አምፖል ነው። የድሮው አምፖል አንዱ 18 ዋት ገደማ ይበላል፣ አንድ አምፔር ተኩል ማለት ነው። አሥሩ ሲበራ ባትሪውን በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል። የኤልኢዲው አምፖል 2 ወይም 3 ዋት ነው። በ15 ደቂቃ ሁሉንም ትቀይራላችሁ።

ቤታችሁ ደጃፍ ለሞተርሆሙ ሶኬት ልታስገቡ ካሰባችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። ባለ 30 አምፔሩ የሞተርሆም ሶኬት 120 ቮልት ነው። የልብስ ማድረቂያ ሶኬት ግን 240 ነው፣ እሱም 30 አምፔር ነው። የሞተርሆም ልምድ የሌለው ኤሌክትሪሺያን "30 አምፔር" የሚለውን ሰምቶ 240 ሊዘረጋ ይችላል። በሰካችሁበት ቅጽበት ሞተርሆሙ ውስጥ ያለው የ120 ቮልት ዕቃ ሊቃጠል ይችላል። ከመሰካታችሁ በፊት ሶኬቱን በቴስተር ለኩ።

ሌላው ስሌት የኛው ቤት ጉዳይ ነው። 30 አምፔር በ120 ቮልት 3600 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ 1500 ዋት ገደማ ይስባል፣ ማለትም 12 አምፔር ተኩል። ኤሲው ሌላ 13 ወይም 14 አምፔር። በዚያ ላይ ማይክሮዌቭ ከተከፈተ ብሬከሩ ይወድቃል። ስለዚህ ምጣዱን የምትሰኩበትን ሶኬት አስቀድማችሁ ወስኑ፣ እንጀራ ሲጋገር ኤሲው ይጥፋ።

ጋዙን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። መስመሩን ባለሙያ ይፈትሽ። የናንተ ሥራ የጋዝ ጠቋሚውን መቀየር ነው። ጀርባው ላይ የተሠራበት ቀን አለ፣ ከ5 እስከ 7 ዓመት ካለፈው መሞከሪያውን ስትጫኑ ቢጮህም ይሠራል ብላችሁ አትመኑት። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ጠቋሚው ወለል አጠገብ ነው የሚሰቀለው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው ደግሞ አልጋ አካባቢ ይሁን። የማሞቂያውንና የፍሪጁን አየር መግቢያ በአዲሱ ካቢኔት እንዳትሸፍኑት።

እዚህ ላይ ስለ ቡናችን አንድ ነገር ልበል። ሞተርሆም ውስጥ ከሰል አይነድም። መስኮት ቢከፈትም አይነድም። እጣን ለማጨስም ቢሆን አይነድም። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ለመግደል ጊዜ አይወስድበትም። እኛ ቡናውን በሩ ላይ ያለውን ሸራ ዘርግተን ውጭ ነው የምናፈላው። ለሲኒዎቹ ክዳን ያለው፣ ውስጡ በስፖንጅ የተከፋፈለ ሳጥን ሠራንላቸው።

ቧንቧው ግራጫ ፕላስቲክ ከሆነ ፖሊቡቲሊን ሊሆን ይችላል። ከ1978 እስከ 1995 በብዛት ተሠርቶበታል፣ መገጣጠሚያው ላይ በመፈንዳቱ የታወቀ ነው። ግድግዳው ተከፍቶ ሳለ ፔክስ በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ቀይሩት።

ቀለም

አሁን ወደምትጓጉለት ነገር ደረስን። ካቢኔቱ እንጨት ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ እንጨት የሚመስል ወረቀት የለበሰ ነው። ግድግዳውም እንዲሁ። ቀለም በቀጥታ ብትቀቡት በሁለት ወር ውስጥ እንደ ፀሐይ የላጠው ቆዳ ይነሳል።

በሮቹን ሁሉ ንቀሉ። ቁጥር ስጧቸው። ቁጥሩን ማጠፊያው በሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ጻፉት፣ እዚያ ቀለም አይነካውም። የየበሩን ብሎንና ማጠፊያ በየራሱ ፌስታል አድርጋችሁ ያንኑ ቁጥር ለጥፉበት። ቀጥሎ ቅባቱን በጠንካራ ማጽጃ እጠቡ። ምድጃው አጠገብ ያለውን ሁለት ጊዜ እጠቡት። ሲደርቅ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ካቢኔቱ የለበሰውን ወረቀት መብሳት የለባችሁም፣ ነጸብራቁን ማጥፋት ብቻ ነው የሚፈለገው።

ከዚያ ለስላሳ ነገር ላይ የሚጣበቅ ፕራይመር ቀቡ። በማግስቱ ፈትኑት፦ በምላጭ ትንሽ መስቀል ጭራችሁ ፕላስተር ለጥፉና በአንዴ ሳቡት። ፕራይመሩ ከተነሳ አልያዘም፣ እንደገና አጥባችሁ ፍቁ። ከያዘ ሁለት ስስ ቀለም ቀቡ። አንድ ወፍራም ከመቀባት ሁለት ስስ ይሻላል።

ቀለሙ ሲነካ ቢደርቅም ውስጡ እስኪጠነክር ሁለት ሳምንትም አንድ ወርም ይወስዳል። በሮቹን ቶሎ ከዘጋችኋቸው ከክፈፉ ጋር ይጣበቃሉ።

በግድግዳ ቁራጮች መካከል ያለውን ቀጭን የፕላስቲክ መስመር የሚጠሉት ብዙ ናቸው። እሱን ነቅላችሁ ስቱኮ ሞልታችሁ እንደ ቤት ግድግዳ ልታለሰልሱት አትሞክሩ። የመጀመሪያው ረጅም መንገድ ላይ ይሰነጠቃል። የሚለጠጥ፣ ቀለም የሚቀበል ማሸጊያ ሙሉበትና ስስ የእንጨት ጥብጣብ አልብሱት።

ወለል

ወለል ከቀለም በኋላ ነው። ሴራሚክ አታስቡት፣ ከባድ ነው፣ ይሰነጠቃልም። እርስ በርሱ የሚቆላለፈው የቪኒል ወለል ቆንጆ ነው፣ ግን ሲሞቅ ይሰፋል ሲበርድ ይጠባል። ቆሞ የሚከርም መኪና ውስጥ ክረምት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ በጋ ላይ እንደ ምድጃ ይግላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሙቀት ገደብ ሳታነቡ አትግዙ። በዙሪያው ሩብ ኢንች ክፍተት ተዉለት፣ ካቢኔትም ከላዩ አትሰሩበት። እኛ በመጨረሻ በሙጫ የሚለጠፈውን ስስ ቪኒል መረጥን፣ ሦስት ክረምት አልፎታል፣ አንድ ጥግ እንኳ አልተነሳም።

ግድግዳው ወደ ውጭ የሚንሸራተት ሞተርሆም ካላችሁ ከሥሩ ያለውን ክፍተት ለክታችሁ ነው ወለል የምትመርጡት። ሁለት ሚሊሜትር ብትጨምሩ ሲገባ አዲሱን ወለል ይቧጭረዋል።

ክብደት

በሾፌሩ በር አካባቢ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ፣ መኪናው ከነሰው ከነውሃው ሊከብድ የሚችለውን ትልቁን ልክ ይናገራል። የኛው 11,500 ፓውንድ ነው። ሥራ ሳትጀምሩ ባዶውን አስመዝኑ፣ ስትጨርሱም እንደገና። ከኛ ሰው ትራክ የሚነዳ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። የትራክ ማቆሚያው ላይ ያለው ካት ስኬል የሚባለው የመኪና ሚዛን እንዴት እንደሚሠራ እሱን ጠይቁት።

ባለ ሦስት ሩብ ኢንች አንድ ሙሉ ፕላይውድ 60 ፓውንድ ገደማ ነው። 40 ጋሎን ውሃ ከ330 ፓውንድ ይበልጣል። ስለዚህ የነቀላችሁትን ሁሉ በመታጠቢያ ቤት ሚዛን እየመዘናችሁ በደብተር ጻፉ፣ የምታስገቡትንም እንዲሁ። እኛ ከባዱን የድሮ ሶፋና ቱቦ ቴሌቪዥን ስናወጣ ብዙ ቦታ አገኘን፣ የእንጨት ጠረጴዛውን ግን በስስ ላሚኔት ለወጥነው። የከበደ ዕቃ በአንድ ጎን እንዳይሰበሰብም ተጠንቀቁ።

ለመቀመጫ ስፖንጅ ጠጠር ያለውን፣ ከ4 እስከ 5 ኢንች ውፍረት ያለውን ግዙ። ሲቆረጥ የዳቦ ቢላ፣ ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ የተሻለ፣ እንደ ቅቤ ይቆርጠዋል።

ሁሉም ሲያልቅ ሩቅ አትሂዱ። የመጀመሪያውን ሌሊት ቤታችሁ ደጃፍ እደሩበት። ውሃውን ክፈቱ፣ ማሞቂያውን አስነሱ፣ እራት አብስሉበት፣ የጎደለውን ጻፉ። ከዚያ ዝናብ ጠብቁ። በዘነበ ማግስት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳታደርቀው፣ ከሾፌሩ በላይ ያለውን ፍራሽ አንሱና መለኪያውን ይዛችሁ አራቱንም ጥግ ለኩ።